ትራንስክራይብ፦ የመድረክ ዜማን ያለ ኖታ በጆሮ ለሚለቅም ሰው

ትራንስክራይብ ሰቨንዝ ስትሪንግ የሚያወጣው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል፤ ከመግዛት በፊት 30 ቀን በነፃ መሞከር ይቻላል። ሥራው ሲጠቀለል ይህ ነው፦ የተቀረጸ ዘፈን ከፍቶ ድምፁን ሳያወፍር ያዘገየዋል፤ የመረጣችሁትን ቁራጭ እየደጋገመ ያሰማችኋል፤ በዚያ ቁራጭ ውስጥ የትኞቹ ድምፆች ጎልተው እንዳሉ በስክሪኑ ግርጌ በተሳለ የፒያኖ ኪቦርድ ላይ ያሳያል። ኖታ ጽፎ አይሰጥም። ዘፈን አስገብቶ የተጻፈ ወረቀት ማውጣት የሚፈልግ ሰው ሌላ ይፈልግ። ጆሮውን ማሠራት ለሚፈልግ ግን፣ በተለይ ለብሮድዌይ (የኒው ዮርክ የሙዚቃ ቲያትር) የመድረክ ዜማዎች፣ ከዚህ የሚመቸን መሣሪያ የለም። ጉድለትም አለው፤ አንዳንዱ ጉድለት ደግሞ አጠቃቀሙን ካላወቁ ጆሮን እስከማበላሸት ይደርሳል።

ለመድረክ ዜማ ኖታ ሞልቶ የለም ወይ? ሞልቷል። ግን ለሽያጭ ታትመው የሚወጡት የፒያኖና የድምፅ መጻሕፍት ብዙዎቹ የፒያኖውን ቀኝ እጅ ከዘፋኙ ዜማ ጋር አንድ ላይ ያስኬዱታል፤ ቁልፉም፣ ማለትም ዘፈኑ የሚጫወትበት የድምፅ መነሻ፣ ቅጂው ላይ ከሰማችሁት ሊለይ ይችላል። ቫዮሊኖቹና ነሐሶቹ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ የሚመልሱት ነገር፣ ማለትም ዜማውን የመድረክ ዜማ የሚያደርገው ግማሹ ነገር፣ ወረቀቱ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። በጆሮ የለቀመ ሰው ያንን ያገኘዋል። በዚያ ላይ ዘፋኙ "ለእኔ ይቀጥንብኛል፣ ሁለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርግልኝ" ሲለው አይደነግጥም፤ ግማሽ ድምፅ በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው።

ደስ የሚለው፣ የቆዩት የመድረክ ዜማዎች አሠራር ለጆሮ የተመቸ ነው። ብዙዎቹ ቨርስ በሚባል ልቅ መግቢያ ይጀምሩና ወደ 32 ባር (ባር በእኩል ምት የሚቆጠር የዜማ ክፍልፋይ ነው) ዋና ክፍል ይገባሉ። ያ ክፍል በአራት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ 8 ባር ነው፤ አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ከመጨረሻቸው ጥቂት ለውጥ በቀር አንድ ናቸው፣ ሦስተኛው ብሪጅ፣ ማለትም የተለየ ዜማ ያለው መሸጋገሪያ፣ ነው። ስለዚህ 32 ባር ሲባል በእውነቱ የምትለቅሙት 16 ባርና ሁለት ሦስት የመዝጊያ ለውጦች ነው። ከሕጉ የሚወጣም አለ፤ የ1930ው "አይ ጋት ሪዝም" መጨረሻው ላይ 2 ባር ስለተጨመረበት 34 ባር ነው። ሳይቆጥር የገባ ሰው ሁለተኛው ዙር ላይ ይሳሳታል።

በትራንስክራይብ የመጀመሪያው ሥራም ይኸው ቆጠራ ነው። ዘፈኑ እየሄደ ሳለ አዲስ ክፍል ሲጀምር የኤስን ቁልፍ፣ በየባሩ መነሻ የኤምን ቁልፍ ትመታላችሁ፤ ለየምቱ ደግሞ ቢ አለ። ምልክቶቹ ከሞገዱ ሥዕል በላይ ይሰለፋሉ። እጅ ሁልጊዜ ከጆሮ ጥቂት ስለሚዘገይ ምልክቱ ከምቱ ኋላ ማረፉ አይቀርም፤ ስትጨርሱ እያንዳንዱን ወደ ግራ ሳብ አድርጋችሁ ሞገዱ ድንገት ከሚነሳበት ቦታ ላይ አስቀምጡት። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ግን የሚዘለው ሰው በኋላ የሚደጋግመው ቁራጭ አይገጥምለትም፤ በየዙሩ መጨረሻ እየተደናቀፈ ምቱ ይጠፋበታል፤ ጥፋቱም የራሱ ጆሮ ይመስለዋል። ቨርሱ ላይ ምልክቶቹ እኩል ርቀት ከሌላቸው አትደንግጡ። ዘፋኙ እንደ ንግግር እየጎተተና እየቸኮለ ስለሚሄድ ባሮቹ በእርግጥም እኩል አይደሉም፤ ያንን አለመተካከል በዓይን ማየቱ ራሱ አጨዋወቱን ያስተምራል።

ቀጥሎ ማስተካከያ። የድሮ ቅጂዎች በሸክላም በቴፕም ሲተላለፉ ፍጥነታቸው ትንሽ ይዛነፋል። ቅጂው 3 በመቶ ቢፈጥን ድምፁ 51 ሴንት ይቀጥናል፤ አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ስለሆነ ዘፈኑ በትክክል በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ይቀመጣል ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ኤ ነው፣ ኤ ፍላት ነው ብሎ መከራከር ከንቱ ነው፤ ሁለቱም ልክ አይደሉም። የፕሮግራሙ የፒች (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት) ማስተካከያ በሴንት ስለሚሠራ፣ የዘፈኑን የመጨረሻ ረጅም ኮርድ (አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች) መርጣችሁ ከራሳችሁ ፒያኖ ጋር እስኪገጥም ግፉት። የመጨረሻውን ኮርድ የምንመርጠው ዘፈኑ ብዙውን ጊዜ ቤት የሚገባው፣ ማለትም መነሻ ኮርዱ ላይ የሚያርፈው፣ እዚያ ስለሆነና ረጅም ተይዞ ስለሚቆይ ነው። ይህን ሳያደርጉ መጀመር ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላ ስህተት ነው።

አሁን ዜማው። ኪቦርዱን ተዉትና ሁለት ባር ብቻ መርጣችሁ በሙሉ ፍጥነት አራት አምስት ጊዜ አስደጋግሙ፤ ከዚያ አቁማችሁ በአፋችሁ ዝፈኑት። አፋችሁ ያልያዘውን እጃችሁ አይዘውም። በአፍ ሲስተካከል ብቻ ወደ ፒያኖው። የማይጨበጥ ዝላይ ካለ ፍጥነቱን ወደ 70 በመቶ አውርዱ፤ አሁንም ካልተያዘ ወደ 50። ከዚያ በታች መውረድ ለዘፋኝ ድምፅ አንመክርም፤ ምክንያቱ ይህ ነው።

የመድረክ ዘፋኝ ድምፁን ያንቀጠቅጣል። ንቅጥቅጡ በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ነው፤ ስፋቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ግማሽ ድምፅ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። በሙሉ ፍጥነት ጆሮ ያንን ሁሉ አንድ ድምፅ አድርጎ ይሰማዋል። በ25 በመቶ ግን በሰከንድ 6 የነበረው 1 ተኩል ይሆናል፤ ጆሮ ሁለት የተለያዩ ድምፆች እየተቀያየሩ የሚሄዱ ይመስለዋል። ጀማሪው ያንን ይለቅምና ሊዘፈን የማይችል የተንዘፈዘፈ ዜማ ይዞ ይወጣል። የኪቦርዱ ሥዕል ላይም ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ቁልፎች እኩል ጎልተው ይታያሉ። ትክክለኛው ድምፅ የንቅጥቅጡ መሐል ነው፤ መሐሉን ለማግኘት ወደ ሙሉ ፍጥነት መመለስ እንጂ የበለጠ ማዘግየት አይረዳም። ማዘግየት ለፈጣን የፒያኖና የክላርኔት ሩጫ ነው የሚያገለግለው።

ለዝላዮች የምታውቋቸውን ዜማዎች መለኪያ አድርጉ። በ1939 የወጣው "ኦቨር ዘ ሬይንቦ" የመጀመሪያው ቃል ላይ ሙሉ ኦክታቭ፣ ማለትም 12 ግማሽ ድምፅ፣ ይዘላል። የ1957ቱ የ"ዌስት ሳይድ ስቶሪ" "ማሪያ" ስሙን ሲጠራ መጀመሪያ ስድስት ግማሽ ድምፅ ይወጣል፤ ከዚያ አንድ ግማሽ ድምፅ ጨምሮ ከመነሻው በሚቆጠረው አምስተኛ ድምፅ ላይ ያርፋል። እነዚህን ሁለቱን በአፉ የያዘ ሰው ስድስቱንና ኦክታቩን ከሌላው ሳይቆጥር ይለያቸዋል።

ከዜማው በኋላ ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ኮርድ ይሄዳል፤ ስህተት ነው። ቤዙ፣ ማለትም የታችኛው ወፍራም ድምፅ፣ ይቅደም። ቤዝ የያዘ ሰው ኮርዱን ግማሽ መንገድ ጨርሷል። ችግሩ የኦርኬስትራ ቤዝ በላፕቶፕ ድምፅ ማውጫ ፈጽሞ አለመሰማቱ ነው፤ በጆሮ ማዳመጫም ቢሆን ታች ያሉት ድምፆች መነሻቸው ተለይቶ አይታወቅም። ትራንስክራይብ እዚህ ላይ ነው ዋጋውን የሚያሳየው። ፒቹን 12 ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ስታነሱት ቤዙ አንድ ኦክታቭ ወጥቶ ጆሮ በቀላሉ የሚለየው ቦታ ላይ ይመጣል። ዘፋኙ እንደ ጫጩት ሲንጫጫ ይሰማል፤ አትስሙት። ከዚያ ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ በሚያጎላና በሚቀንሰው ኢኩዋላይዘር ከላይ ያለውን ድምፅ ቀንሱ። የቤዙ እንቅስቃሴ ጥርት ብሎ ይወጣል። ባር በባር የመጀመሪያውን ምት ቤዝ ብቻ ጻፉ፤ በመሐል የሚሄደውን ለሁለተኛ ዙር ተዉት።

ቤዙን በጆሮ ሳይሆን ከኪቦርዱ ሥዕል ላይ ለማንበብ ለሚሞክሩ አንድ ነገር እንንገር። ሁለት በጣም የሚቀራረቡ ድምፆችን ለመለየት ፕሮግራሙ በቂ ርዝመት ያለው ድምፅ ያስፈልገዋል። የቤዝ ጊታርና የኮንትራባስ የታችኛው ኢ 41.2 ሄርዝ ነው፣ ቀጥሎ ያለው ኤፍ 43.65። ልዩነታቸው 2.45 ሄርዝ ብቻ ስለሆነ ለመለየት ቢያንስ 0.4 ሰከንድ ገደማ ያስፈልጋል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን አንድ ምት 0.5 ሰከንድ ስለሆነ ይበቃል፤ በ200 ግን 0.3 ሰከንድ ነው፣ ሥዕሉ ሁለት ሦስት ቁልፍ ላይ እንደ ጉብታ ይንጠፈጠፋል። ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም፤ የድምፅ ተፈጥሮ ነው። ስለዚህ የምትመርጡት ቁራጭ ግማሽ ሰከንድ ይሁን፤ ከዚያ ካጠረ በጆሮ እንጂ በዓይን አትመኑ። ከረዘመ ደግሞ የሚቀጥለው ኮርድ ገብቶ ይደባለቃል።

ከዚህ የባሰው ወጥመድ ሃርሞኒክ ነው። አንድ የቤዝ ድምፅ ሲመታ የራሱ ብቻ አይሰማም፤ በላዩ የራሱ ተከታዮች ይነሳሉ። ታችኛውን ሲ እንውሰድ፣ 65.4 ሄርዝ የሆነውን። ከላዩ 130.8 ላይ ሌላ ሲ፣ 196.2 ላይ ጂ፣ 261.6 ላይ መካከለኛው ሲ፣ 327 ላይ ደግሞ ኢ ይመጣል። አምስተኛው ይህ ኢ ከፒያኖው ኢ 14 ሴንት ብቻ ስለሚወፍር ሥዕሉ ላይ ቁልጭ ብሎ የኢ ቁልፍ ላይ ይቆማል። አሁን ኦርኬስትራው የሚጫወተው ሲ ማይነር ነው እንበል። ቫዮላው ኢ ፍላት ይዟል፤ ቤዙ ግን ኃይለኛ ስለሆነ ሥዕሉ ላይ ኢ ፍላትም ኢም ጎን ለጎን ይታያሉ። ዓይኑን ያመነ ሰው ሜጀር ይጽፋል፤ ያሳዘነው ዘፈን ተደሰተ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የተሳለውን ኪቦርድ ስትነኩ ድምፅ ይሰጣል፤ ቅጂው እየተደጋገመ ኢ ፍላትን ንኩ፣ ከዚያ ኢን ንኩ። ከሁለቱ አንዱ ቅጂው ውስጥ ይሰምጣል፣ ሌላው እንደ ጠጠር ጥርስ ውስጥ ይንኳኳል። የሰመጠው ነው ትክክሉ።

ፕሮግራሙ የኮርድ ግምትም ያሳያል። አጥፉት፤ ቢያንስ የራሳችሁን ጽፋችሁ እስክትጨርሱ። ግምቱ ከላይ ያልነውን ሃርሞኒክ እንደ ድምፅ ቆጥሮ ኮርዱን ሊያስረዝም ይችላል፤ በዚያ ላይ ስም መስጠት ከድምፅ ብቻ አይገኝም። ኤ፣ ሲ፣ ኢ እና ጂ አንድ ላይ ሲሰሙ ኤ ማይነር 7 ሊሆን ይችላል፣ ሲ 6ም ሊሆን ይችላል፤ የሚወስነው ቤዙና ኮርዱ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ዲሚኒሽድ 7 ደግሞ አራቱም ድምፆቹ እኩል ርቀት ስላላቸው በአራቱም ስም ይጠራል። ግምቱ ሥራ ሠርተው ሲጨርሱ ለማመሳከር ጥሩ ነው፤ ቀድሞ ከታየ ግን ጆሮ የተነገረውን ነው የሚሰማው።

ቤዙ ከተያዘ በኋላ የኮርዱን ጠባይ የሚወስኑት ሁለት ድምፆች ብቻ ናቸው፣ ከኮርዱ መነሻ ሲቆጠር ሦስተኛውና ሰባተኛው። ከቤዙ በላይ ሦስተኛውን በአፋችሁ ፈልጉ፤ ትልቁ ነው ትንሹ? ከዚያ ሰባተኛውን። በቃ። ዘጠነኛና አሥራ ሦስተኛ እያሉ መጨነቅ ኋላ ይመጣል። የመድረክ ዜማ ደግሞ የሚወዳቸው መንገዶች አሉት፤ አንዴ ከተለመዱ ጆሮ ከሩቅ ያውቃቸዋል። 1፣ 6፣ 2፣ 5 የሚለው ዙር አለ፤ ቁጥሮቹ ኮርዱ በቁልፉ ውስጥ ያለበት ደረጃ ናቸው። ቤዙ ከአንደኛው ተነስቶ በግማሽ ድምፅ እያደገ ወደ ሁለተኛው ሲሄድ መሐል ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ዲሚኒሽድ ነው። አራተኛው ኮርድ ሜጀር ሆኖ ይጀምርና በዚያው ቤዝ ላይ ወደ ማይነር ሲለወጥ ልብን የሚጨምቅ ስሜት ይሰጣል። የ"አይ ጋት ሪዝም" ብሪጅ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ በቢ ፍላት ሲጫወቱት ዲ7፣ ጂ7፣ ሲ7፣ ኤፍ7፣ እያንዳንዱ 2 ባር። ይህችን ብሪጅ በጆሮ የያዘ ሰው በሌሎች ብዙ ዘፈኖች ውስጥ ያገኛታል። ቤዙ ሁልጊዜ የኮርዱ ሥር አይደለም፤ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ከሆነ ኮርዱ የተገለበጠ ሊሆን ይችላልና የቤዙን ስም ብቻ ይዛችሁ ኮርድ አትሰይሙ።

የካራኦኬ ማብሪያው በመጠኑ ይረዳል። ከግራና ከቀኝ ድምፅ እኩል የሆነውን እየቀነሰ መሐል የተቀመጠውን ዘፋኝ ያጠፋል፤ በጎን የተቀመጡት ቫዮሊኖችና ቀንዶች የሚመልሱት መልስ ያኔ ጎልቶ ይወጣል። ግን ቤዝም ብዙውን ጊዜ መሐል ስለሚቀመጥ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ቤዝ ስትለቅሙ ይዘጋ። ቅጂው ሞኖ ከሆነ ሁለቱም ወገን አንድ ስለሆኑ ሁሉም ይጠፋና ዝምታ ብቻ ይቀራል፤ ፕሮግራሙ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ። ዘፋኙን፣ ቤዙንና ከበሮውን ለየብቻ የሚነጣጥሉ አዳዲስ መሣሪያዎች አሉ። ለባንድ ዘፈን ድንቅ ናቸው። ለኦርኬስትራ ግን ቼሎውንና ኮንትራባሱን አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ስለሚወረውሩት የቤዙ መስመር እየተቆራረጠ ይመጣል።

የቁልፍ ለውጥን ሳንጠቅስ አናልፍም። የመድረክ ዜማ የመጨረሻውን ዙር ግማሽ ወይም ሙሉ ድምፅ ከፍ አድርጎ ማምጣት ይወዳል። በፊደል የለቀመ ሰው እዚህ ሁሉንም እንደ አዲስ ይጀምራል፤ በቁጥር የለቀመ፣ ማለትም 1፣ 4፣ 5 ብሎ የጻፈ፣ 1ን ብቻ ያንቀሳቅሳል። መፈተሽ ያለባቸው ከለውጡ በፊት ያሉት ሁለት ባሮች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የአዲሱ ቁልፍ 5ኛ ኮርድ ከነ7ቱ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ስለ አያያዙ ጥቂት። መልኩ ያረጀ ነው፤ ማውጫው ብዛት አለው፤ ለስልክ አልተሠራም። ሁለት እጅ ፒያኖ ላይ ሆኖ መዳፊት መንካት ስለሚያስቸግር የእግር ፔዳል ማገናኘት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። የምታስቀምጡት የሥራ ፋይል ምልክቶችንና ማስተካከያዎችን እንጂ ዘፈኑን ራሱን አይዝም፤ የዘፈኑን ፋይል ከቦታው ካነሳችሁት ወይም ስሙን ከለወጣችሁት ሊያጣው ስለሚችል ሁለቱን በአንድ ፎልደር አኑሯቸው። ፋይሉ በጣም የተጨመቀ ኤምፒስሪ ከሆነ ሲዘገይ የውሃ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ያመጣል፤ የሚቻል ከሆነ ያልተጨመቀ ቅጂ ይሁን። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለቅሙት ደግሞ በሙሉ ኦርኬስትራ የተቀረጸውን ሳይሆን አንድ ዘፋኝና አንድ ፒያኖ ያለበትን ይሁን።

ፕሮግራሙ የማይሆነው ለማን ነው? መድረኩ ሥር ካለው ኦርኬስትራ ጋር ተቀምጦ ለሚጫወት ሰው። እዚያ ሁሉም የየራሱን የተጻፈ ክፍል በትክክል መጫወት ስላለበት ኖታ ማንበብ ግዴታ ነው፤ ጆሮ አይተካውም። ለልምምድ አጃቢ፣ ለዘፋኝ ፈተና አጃቢና ለቤት ተጫዋች ግን የሚገባ ነው።

አንድን ዘፈን ለቅማችሁ ጨረስን ስትሉ የፒች ማስተካከያውን ወደ ዜሮ አትመልሱት። ሁለት ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጉትና ከቅጂው ጋር በሙሉ ፍጥነት ተጫወቱ። እጃችሁ ሳይቆም የሚሄድባቸው ባሮች ጆሮ የያዛቸው ናቸው፤ የሚቆምባቸው ደግሞ ጣት የሸመደዳቸው። የቆመበትን ባር የኤም ምልክቱን ይዛችሁ ምረጡ፣ አስደጋግሙት፣ እንደገና ከቤዙ ጀምሩ።